ባትሪ የሌላት ልጅ

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገርህ ወዳጄ፣ ምክንያቱም አንብበህ ስትጨርስ «ሰውዬው ጠጥቶ ነበር» ትል ይሆናል፣ መጠጥ ደግሞ በደጄም አያልፍ። ልጆቼን ያሳደግኳቸው ጅብ መጣ ሰይጣን መጣ እያልኩ አይደለም፣ የፈሩት ነገር ያለበት ድረስ እጃቸውን ይዤ ወስጄ እያሳየሁ ነው። ናይሮቢ ካሳራኒ ሰፈር በምንኖርበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ፣ ከውሃ ታንከሩ ውስጥ ሰው ያለቅሳል ተብሎ ጎረቤቱ ሁሉ ሲታመስ መሰላል ተውሶ የወጣው እኔ ነኝ፣ የላላ ቆርቆሮ ሆኖ አገኘሁት፣ በሽቦ አሰርኩት፣ ልቅሶውም ቆመ። ትምህርት ቤት ብዙ አልሄድኩም፣ የማውቀውን የተማርኩት ከተበላሸ ዕቃ ነው፣ የተበላሸ ዕቃ ደግሞ አይዋሽም፣ ፈተህ ካየኸው የሆነውን ይነግርሃል። እንዲህ ያለው ወሬ መቼም ሁልጊዜ በሌሊት ነው የሚጀምረው፣ የኔ ግን በቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰው በሚተራመስበት በናይሮቢ መሃል ከተማ ነው የሆነው፣ እመነኝ፣ ጨለማ እንኳ አላገዘኝም።

ሥራዬ ሰው ማመላለስ ነው። ለሕክምናና ለኤምባሲ ጉዳይ ከአገር ቤት የሚመጡትን ከኤርፖርት እቀበላለሁ፣ የሚሄዱበት አደርሳለሁ፣ ይህን ሳደርግ መንገድ የሚያሳየኝ ስልክ ሳይሆን ጂፒኤስ ነው፣ ያ ድሮ የመኪና መስታወት ላይ ይለጠፍ የነበረው፣ መዳፍ የምታህል ሳጥን። ልጄ ቤቲ እዚሁ ተወልዳ ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ባየችው ቁጥር «አባዬ፣ ይሄ እኮ የሙዚየም ዕቃ ነው፣ ስልክህን ለምን ዩዝ አታደርግም?» ትለኛለች። ስልክ ወሬ ያመጣል፣ እየነዱ ወሬ መስማት ሰው መግደል ነው፣ ለአንድ ሥራ አንድ ዕቃ ይበቃል እላታለሁ፣ እሷም ዓይኗን ወደ ላይ ታደርጋለች።

የዕቃውን ጉድለት ግን አልደብቅም። መስታወቱን የሚይዘው ጎማ በብርድ ጠዋት ይለቅና እግሬ ላይ ይወድቃል። ማብሪያው ከጀርባ ነው፣ እንደ ምስር ፍሬ የቀጠነ ቁልፍ፣ ከቦታው ካልነቀልከው በቀር ጣትህ አያገኘውም፣ ይህን የነደፈው ሰው እየነዳ ሞክሮት እንደማያውቅ እምላለሁ። ጠዋት ጠዋት አንድ ገጽ ሙሉ እንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ይደረድርና «ተስማምቻለሁ» ካላልከው ወይ ፍንክች። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ካርታው ጠፍቶ የራስህን ፊት ያሳይሃል። እንግሊዝኛ የምትናገረው የሴት ድምፅ ደግሞ ከእያንዳንዱ ንግግሯ በፊት ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው ጠቅ የምትል ድምፅ ታሰማለች፣ የመንገድ ስም ስታነብም በአጭሩ የተጻፈውን «ሮድ» አታውቀውም፣ ሁለቱን ፊደል ለይታ «ቫሊ አር ዲ» ትላለች።

ያም ሆኖ ሁለት ነገሩን እወድለታለሁ። አንደኛው የቤት ሥዕል ያለበት ትልቁ ቁልፍ ነው፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ አንዴ ከነካው ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ይህን ያሰበው ሰው እናቱን እያሰበ መሆን አለበት። ሌላው፣ መታጠፊያ ስትስት አይቆጣህም። ትንሽ ዝም ይልና ካለህበት ተነሥቶ ሌላ መንገድ ይፈልግልሃል፣ «አላልኩህም?» አይልም። እኔ «አላልኩህም» ሳልል የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፣ ልጆቼን ብትጠይቃቸው ይነግሩሃል።

ሰዓቱንም እንደኛ አድርጌዋለሁ። አገር ምረጥ ሲለኝ ከኬንያ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚቆጥር ከባሕር ማዶ ያለ ከተማ ፈልጌ መረጥኩለት፣ ስለዚህ እሱ ደቡብ አሜሪካ የምኖር ይመስለዋል፣ እኔ ግን የምደርስበትን ሰዓት በሐበሻ አቆጣጠር ያሳየኛል። ቤቲ ለጓደኞቿ ሁሉ ተናግራ አሳቀችብኝ።

አሁን አንድ ነገር ያዝልኝ። ባትሪው አብጦ ስለነበር በገዛ እጄ ፈትቼ አውጥቼ ጥዬዋለሁ፣ ቦታው ባዶ ነው። የሚሠራው ገመዱ የሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ላይ ሲሰካ ብቻ ነው፣ ስትነቅለው ቃሏን እንኳ ሳትጨርስ ትሞታለች።

ይህ እንዲህ እንዳለ አማቴ አባባ ወልዴ ለዓይን ሞራ ሕክምና ከደብረ ብርሃን መጡ። ባለቤቴ አልማዝ ሁርሊንግሃም ሰፈር አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ዋና አብሳይ ናት፣ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው፣ ስለዚህ ቀን ቀን አባቷን የምይዘው እኔ ነበርኩ። «አደራ፣ ዓይኑ ብቻ አይደለም፣ ልቡም እየረሳ ነው፣ ለብቻው እንዳትተወው» አለችኝ። እውነቷን ነበር፣ አባባ የልጅነታቸውን አንድ በአንድ ያስታውሳሉ፣ የትናንቱን ግን ዛሬ አያገኙትም። ከፊት ወንበር አስቀምጬ ይዣቸው እዞራለሁ፣ ለሳጥኗም ከኔ በፊት የተላመዱት እሳቸው ሆኑ።

መጀመሪያ ቀን ስትናገር ነጠላቸውን አስተካክለው «አቤት» አሉ። ከዚያ በኋላ ታጠፉ ስትል «እሺ የኔ ልጅ»፣ ቀጥ በሉ ስትል «እግዜር ይስጥሽ» ሆነ ነገሩ። አባቷ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። አቧራ ሲይዛት በነጠላቸው ጫፍ ፊቷን ይጠርጓታል፣ ቤት የምትወስደውን ቁልፍ የሚነካ ሰው ደግሞ ከሳቸው ሌላ እንዳይኖር አሉ። አንድ ቀን መኪና አቁመን ሳምቡሳ ገዝቼ ልንበላ ስንል ወደ መስታወቱ ዞር ብለው «እንብላ» አሏት።

«አባባ፣ ዕቃ ነው እኮ» አልኳቸው።

«ዕቃ ከሆነች ለምን ታወራለች? ቀኑን ሙሉ መንገድ ስታሳየን ውላ እንብላ ሳንላት ብንጎርስ ነውር አይደለም?»

ምን ትላለህ? ለልጆቼ የማስተምረውን ነው መልሰው ያስተማሩኝ። ሳምቡሳዬን በላሁ።

እንግዲህ ወደዚያ ቅዳሜ ልምጣ። የአባባ ዓይን ዳነ፣ መነጽር ታዘዘላቸው፣ መሃል ከተማ ልንወስድ ሄድን። መነጽር ቤቱ ፎቅ ላይ ነው፣ ጉልበታቸው ደረጃ አይችልም፣ መኪናውን ከበሩ ፊት ለፊት አቁሜ «አባባ፣ መጣሁ» ብዬ ወጣሁ። ሰልፉ ጠበቀኝ። መነጽሩን ኪሴ ከትቼ ስወርድ የመኪናው በር ገርበብ ብሎ ተከፍቷል፣ ወንበሩ ባዶ ነው። መስታወቱ ላይ ጎማው ብቻ ቀርቷል፣ ገመዱ እስከ ወለሉ ተንጠልጥሏል፣ ሳጥኗ የለችም። ሌባ ወስዶባቸው ሊከተሉት ወጥተዋል አልኩ። እንግሊዝኛ አያውቁ፣ ስዋሂሊ አያውቁ፣ ስልክ አልያዙ፣ የሰፈራችንን ስም እንኳ ቢጠየቁ አያስታውሱት። ገመዱን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩና እየሮጥኩ መጠየቅ ጀመርኩ።

ጥግ ላይ ጋዜጣ የሚሸጠው ሰውዬ አይቷቸዋል። ሌባ የሚባል ነገር የለም አለኝ፣ ምዜው፣ ነጭ የለበሰው ሽማግሌ፣ ትንሽ ሬዲዮ ደረቱ ላይ ይዞ ሄደ፣ ሬዲዮው ሲናገር ይቆማል፣ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ ከዚያ ይሄዳል። እኔም ሬዲዮ አይደለም፣ ያለ ገመድ መናገርም አይችልም አልኩት። ከፍ ዝቅ አድርጎ አየኝና «እሺ፣ እኔ ግን ሰምቻለሁ» አለኝ።

መኪናዬን አስነሥቼ ባሳየኝ አቅጣጫ በኬንያታ አቬኑ፣ መስኮት ከፍቼ፣ ከኋላዬ የማታቱ ታክሲዎቹ ጥሩንባ እየነፉብኝ፣ የእግረኛውን መንገድ እያየሁ አዘገምኩ። መንገዱ ጫፍ ያለው ፓርክ ጥግ ስደርስ በቆሎ የምትጠብስ ሴትዮ አየሁ፣ ወርጄ ጠየቅኳት። ሳቀች። ምዜው ከከሰሏ አጠገብ ቆሞ በራሱ ቋንቋ አንድ ነገር አላት፣ ከአኳኋኑ ሰላምታ መሆኑ ገባት፣ አዘነችለትና ግማሽ በቆሎ ሰጠችው፣ እሱ ደግሞ ከመብላቱ በፊት ወደ ሳጥኗ ዘረጋላት። «ለማሽን ምግብ!» አለችና ክንዴን መታ አደረገችኝ፣ ከዚያ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ግን ያቺ ሴትዮ መንገዱን ለምን ቫሊ አር ዲ ትለዋለች? ሮድ ማለት አትችልም?»

ወዳጄ፣ ከሰሉ ፊት ለፊት ቆሜ ጀርባዬን በረደኝ። የጋዜጣ ሻጩን ተሳስቶ ነው ማለት እችላለሁ፣ ይህን ግን ማንም ከራሱ አያወጣውም፣ ያቺን ድምፅ በጆሮው ካልሰማ በቀር። እጄን ኪሴ ብከት ገመዱ አለ።

በቫሊ ሮድ ወጣሁ። ያን ጊዜ ዝናቡ ወረደ፣ የናይሮቢን ዝናብ ታውቀዋለህ፣ ሰዉን ሁሉ ከመንገድ ጠርጎ በየበረንዳው ይከተዋል፣ ጠያቂም ተጠያቂም ጠፋ። ዳገቱን ወጥቼ ወረድኩ፣ በየመገንጠያው ገባሁ ወጣሁ፣ ነጭ ነገር ባየሁ ቁጥር ፍሬን እይዛለሁ፣ ፌስታል ይሆናል፣ የሌላ ሰው ጃንጥላ ይሆናል። ቀኑ እያለቀ ነበር። አዲስ የተሠራ ዓይን ይዘው፣ በዚህ ዝናብ፣ በዚያ የመኪና ጎርፍ መሃል ሲሻገሩ እየታየኝ ቤቲ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ ታውቃለች?» አለችኝ መጀመሪያ።

አታውቅም አልኳት።

«አባዬ፣ ኮል አድርጋትና ንገራት፣ አሁኑኑ።»

«ይህ በስልክ አይነገርም።»

«አያቴ እኮ አልሞተም! ጠፋ ነው የተባለው፣ ለምን እንደ መርዶ ታደርገዋለህ?»

ልጅቷ ልክ ናት፣ ግን እኛ እንዲህ ነን፣ ክፉ ወሬ በስልክ አናደርስም፣ ሄደን፣ ቁጭ ብለን፣ እጅ ይዘን ነው የምንናገረው። እሷ ስልክ ብላ ያደገች ናት፣ እኔ ደግሞ ባለቤቴ የአባቷን መጥፋት በምጣድ መሃል ቆማ ከስልክ እንድትሰማው አልፈልግም ነበር። ቤቲ ለፖሊስ ለማመልከት ልትሄድ ተስማማን፣ እኔ መሪዬን ወደ ሁርሊንግሃም አዞርኩ። በአርግዊንግስ ኮዴክ መንገድ ስነዳ የምለውን እያዘጋጀሁ ነበር፣ አልማዝ፣ አደራሽን አልጠበቅኩም፣ ከዚህ የተሻለ ቃል አጣሁ።

ከምግብ ቤቱ በር ላይ የጥበቃው ሰውዬ አግዳሚ ወንበር አለ። አባባ ወልዴ እዚያ ላይ ተቀምጠዋል።

ከጥበቃው ጋር በአንድ ሳሕን በቆሎና ባቄላ ይበላሉ፣ ሳጥኗ ጉልበታቸው ላይ ነች፣ ነጠላቸውን እንደ ጃንጥላ ጋርደውባታል። መኪናዬን መንገድ መሃል ትቼ ወረድኩ፣ ልቆጣ ነበር፣ እውነቱን ልንገርህ፣ «አላልኩዎትም» የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ተሰልፎ ነበር፣ ቀና ብለው አዩኝና ቦታ ለቀቁልኝ።

«ና፣ እንብላ» አሉኝ፣ «ቀስ ብለህ አውራ፣ ልጅቷ ደክሟታል።»

ዝቅ ብዬ አየሁ። ስክሪኑ በርቷል። በዓይኔ ነው ያየሁት፣ በርቷል፣ ካርታው አለ፣ ከሥር የመድረሻ ሰዓት በሚጻፍበት ቦታ አሥራ ሁለት ሰዓት ይላል። የእጅ ሰዓቴን አየሁ፣ በኛ አቆጣጠር አሥራ ሁለት ሊሆን አንድ ደቂቃ እንኳ አልቀረውም።

«አሥራ ሁለት ላይ ይመጣል አለችኝ፣ ይኸው መጣህ።»

«አባባ፣ በምን ቋንቋ ነገረችዎት?»

«እንዴት በምን? በአፏ ነዋ።»

እጄን ዘርግቼ ሳጥኗን አነሣኋት፣ ሞቅ ትላለች፣ እንደ ተኛ ልጅ ግንባር። መዳፌ ላይ እንዳለች ብርሃኗ ቀስ እያለ ዝቅ፣ ዝቅ ብሎ ጠፋ። ጥበቃው ምዜው ሲመጣ ሳጥኗ ደርሰሃል ስትለው እንደሰማ ነገረኝ፣ ምንም አልደነቀውም፣ የሁሉም ሰው ጂፒኤስ እንዲህ አይልም እንዴ? የምግብ ቤቱ አድራሻ ግን እዚያ ዕቃ ውስጥ ተጽፎ አያውቅም፣ በእንቅልፌ የምሄድበትን መንገድ ለምን ብዬ እጽፋለሁ? ቤት የሚለው ቁልፍም ካሳራኒ ነው የሚወስደው። አባባ በየቀኑ «ልጄ የምትሠራበትን አሳየኝ» ይሉኝ ነበር፣ እኔም ነገ እላቸው ነበር።

«አባባ፣ ይህች ልጅ እኮ ባትሪ የላትም» አልኳቸው።

የእጃቸውን ፍርፋሪ አራገፉ።

«እኔስ ምን አለኝ?» አሉኝ።

አልማዝ ከወጥ ቤት ወጥታ ስታያቸው አስቤ ያመጣኋቸው መስሏት ፊቷ በራ፣ ደስታዋን ተቀብዬ ዝም ማለት እችል ነበር፣ ግን ልጆቼን አትዋሹ እያልኩ ያሳደግኩ ሰው ነኝ፣ እጇን ይዤ አስቀመጥኳትና የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ሰምታ ጨርሳ ተነሣች። ከዚያ አባቷን ወደ ወጥ ቤት ይዛ ገባች፣ እያንዳንዱን ድስት እየከፈተች ስታሳያቸው፣ አባባም ከኪሴ አውጥቼ በሰጠኋቸው አዲስ መነጽር ወደ እያንዳንዱ ድስት ጎንበስ እያሉ ሲያደንቁ፣ ሳቃቸው እስከ በሩ ይሰማኝ ነበር። እንዲህ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቼ ነበር።

እሑድ ጠዋት ሳጥኗን ቤቲ ፊት ፈታኋት። የባትሪው ቦታ ባዶ ነው፣ አቧራ ብቻ። ቤቲ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ይሆን አለች፣ ያ ዓይን እስክትጨፍን አይቆይም አልኳት፣ በስልኳ ፈለገች፣ ፈለገች፣ ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የሙዚየም ዕቃ ብላት አታውቅም ከዚያ ወዲህ።

እዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ዕቃው ግን የሄድክበትን መንገድ በካርታው ላይ በቀጭን ሰማያዊ መስመር ያሠምራል። የአባባ መንገድ አለ፣ ከመነጽር ቤቱ እስከ ምግብ ቤቱ በር፣ ሴትዮዋ በቆሎ የምትጠብስበት ጥግ ላይ ትንሽ ቆም ያለ። አባባ በሰላም ደብረ ብርሃን ገቡ፣ አሁን መዝሙረ ዳዊታቸውን በዓይናቸው ያነባሉ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ አንድ ጠዋት ካርታውን ሳሳንሰው መስመሩ ረዝሟል። ከሁርሊንግሃም ተነሥቶ፣ በካሳራኒ አልፎ፣ የቲካን ከተማ ተሻግሯል። እኔ በዚያ አልነዳሁም። በሚቀጥለው ሳምንት ናንዩኪ ደረሰ፣ ከዚያ ኢሲዮሎ፣ በእግር እንደሚሄድ ሰው ነው የሚሄደው፣ ማታ ይቆማል፣ ጠዋት ይቀጥላል፣ ወደ ሰሜን፣ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን። ለማጥፋት አንድ ቁልፍ መንካት ይበቃኛል፣ ቤቲም አጥፋው ብላኛለች። ጣቴን አቀርብና እተወዋለሁ።

ለአባባ አልነገርኳቸውም። ባለፈው ስደውል ግን፣ ስለ አልማዝ ስለ ልጆቹ ጠይቀው ሲያበቁ፣ «ልጅቷ መንገድ ላይ ናት አይደል?» አሉኝ። ማን ነገረዎት በማለት ፈንታ አዎ አልኩ። «አትቸኩል በላት፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ በሩን አልዘጋባትም» አሉና ስለ ዝናቡ ቀጠሉ።

የዕቃዬ ካርታ ድንበሩ ሞያሌ ላይ ያበቃል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ቤት ነጭ ነው፣ መንገድም ከተማም አልተሣለበትም። ዛሬ ጠዋት ኤርፖርት ሰው ለመቀበል መኪናዬን አቁሜ ሳየው መስመሩ ከነጩ ጫፍ ደርሶ ነበር። ገመዱን ነቅዬ ጠቅልዬ ያዝኩት፣ ስክሪኑ ጠቆረ፣ የራሴ ፊት ታየኝ። ቁርሴን ከወረቀቱ አወጣሁ፣ ልጎርስ አልኩና ተውኩት፣ ግራ ቀኝ አየሁ፣ ማንም የለም።

«እንብላ» አልኳት።

ጠቅ አለች፣ ያቺ ሁልጊዜ ከመናገሯ በፊት የምታሰማው ድምፅ። ከዚያ ምንም አላለችም፣ እኔም ዳቦዬን እንደያዝኩ፣ ገመዱ መዳፌ ውስጥ እንዳለ፣ ጆሮዬን ወደሷ አድርጌ ተቀመጥኩ።